ጠቋሚ ውሾች፦ ጠባያቸውና ለሰው የሚሰጡት ጓደኝነት
ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በ2011 ዓ.ም. የመኸሩ ሰብል ተወቅቶ ከገባ በኋላ በምርጥ ዘር ብዜት ጉዳይ ወደ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሄደን ነበር። የሄድንበት ጉዳይ ስንዴ ቢሆንም የማኅበሩ አባላት የጠበቁን በሌላ ጥያቄ ነው። በአካባቢው ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ውሻውን ለማኅበሩ ትቶ ሄዶ ኖሯል። ውሻው ቁመናው ያማረ፣ ጠጉሩ አጭር፣ መልኩ ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር ነበር። አባላቱም «የፈረንጅ ውሻ ነው፤ መጋዘኑን ይጠብቅልናል» ብለው ከመጋዘኑ በር አጠገብ በሰንሰለት አሰሩት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቅሬታው በዛ። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ያላዝናል። የታሰረበትን ሥፍራ በጥፍሩ ቆፍሮ ጉድጓድ አድርጎታል። ሰንሰለቱ በተፈታ ቁጥር ከግቢ ወጥቶ ግማሽ ቀን ይጠፋል። የጎረቤት ዶሮ ሲያይ እንደ ሐውልት ደርቆ ይቆምና ኋላ ዘሎ ይይዛታል። ከሁሉም የከፋው ግን አንድ ሌሊት ከመጋዘኑ ሦስት ኩንታል ስንዴ ሲሰረቅ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጮኹ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ «ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነበር የምናውቀው፤ ይኸኛው በልቶ ዝም ይላል» አሉን። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የተያዘውም ሐሳብ ውሻው ይገደል የሚል ነበር።

እኛ የሰብል ባለሙያዎች እንጂ የውሻ አሠልጣኞች አይደለንም። ይሁን እንጂ ለአንድ ሥራ የተመረጠን ዘር ለሌላ ሥራ አውሎ ውጤት መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል በየጊዜው የምናየው ነገር ነው። ለቆላ የወጣ ማሽላ ደጋ ላይ ተዘርቶ ባያፈራ ጥፋቱ የዘሩ አይደለም። የውሻውም ነገር ከዚህ የተለየ ሆኖ አልታየንም። ስለዚህ አባላቱ ፍርዳቸውን እንዲያዘገዩልን ጠይቀን በማግስቱ ጧት ውሻውን ይዘን ወደ ማሳ ወጣን።

ይህ ጽሑፍ ያንን ጧት መነሻ አድርጎ ጠቋሚ ውሾች ምን ዓይነት እንስሳት እንደሆኑ፣ ከሰው ጋር ሲኖሩ ምን እንደሚፈልጉና ለየትኛው ሥራ እንደማይሆኑ ይገልጻል። የውጭ ዝርያ ያለው ውሻ በስጦታም ሆነ በግዢ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚደርስበት ጊዜ የልማት ሠራተኛው ተገቢውን ምክር ለመስጠት ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

1. ጠቋሚ ውሻ ማለት ምን ማለት ነው?

በዚያን ዕለት አብረውን የወጡት የመጋዘኑ ዘበኛ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ውሻውን በረጅም ገመድ ይዘን ስንዴው ታጭዶ ወዳለቀበት ማሳ ስንደርስ ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ማሽተት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ በድንገት ቆመ። አንድ የፊት እግሩን አጥፎ ከመሬት አነሣ፤ ጭራው እንደ ዱላ ቀጥ አለ፤ አፍንጫውን በማሳው ድንበር ላይ ወዳለው ረጅም ሣር አቅንቶ አልንቀሳቀስ አለ።

ሽማግሌው ደንግጠው «ልጄ፣ ምን ነካው? ታመመ እንዴ?» አሉን።

«የለም አባባ፣ ሥራ ላይ ነው። እስቲ ወደዚያ ሣር ጠጋ ይበሉ» አልናቸው።

አሥር እርምጃ ያህል እንደተራመዱ ከሣሩ ውስጥ ቆቆች ተርገፍግፈው ተነሡ። ውሻው አልጮኸም፤ አላባረረምም። የቆቆቹን መሄድ አይቶ ፊቱን ወደ እኛ መለሰ። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ሰነፍ መስሎን ነበር፤ ለካስ ሥራ የነሣነው እኛ ነን» አሉ።

ጠቋሚ ውሻ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የቆቅን፣ የድርጭትን ወይም የሌላ ወፍን ሽታ በነፋስ ሲያገኝ ወፉን ከማባረር ይልቅ ደርቆ በመቆም ያለበትን ቦታ ለጌታው የሚያመለክት የአደን ውሻ ነው።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሬይሞንድ ኮፒንገር እንዳስረዱት አዳኝ አውሬ ምግቡን የሚይዘው በተከታታይ ደረጃዎች ነው። እነዚህም ማየት፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝና መግደል ናቸው። ሰው በረጅም ዘመን ምርጫ ከውሾች ውስጥ አንዳንዱን ደረጃ አጉልቶ ሌላውን አደከመ። በጠቋሚ ውሾች ላይ የጎላው የማድባቱ ደረጃ ነው፤ ውሻው ሊዘል ሲል ባለው ቅጽበት ላይ ረግቶ ይቀራል። የበግ እረኛ በሆኑት እንደ ቦርደር ኮሊ ባሉት ላይ ማየቱ፣ ማድባቱና ማሳደዱ ጎልቶ መያዙና መግደሉ ደክሟል። የመንጋ ጠባቂ በሆኑት እንደ ቱርኩ የአናቶሊያ እረኛ ውሻ ባሉት ላይ ደግሞ ደረጃዎቹ በሙሉ ደካሞች ናቸው። በዚህም ምክንያት የመንጋ ጠባቂው ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከበጎች መካከል ቢያድግ በጎቹን አይነካም፤ አውሬ ሲመጣ ግን ከፊታቸው ይቆማል። በናሚቢያ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለገበሬዎች የሚያድላቸው ውሾች ከዚህ ዓይነት ናቸው። ሦስቱም ውሾች ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱን ሥራ ከሌላው መጠበቅ አይገባም።

የመጠቆም ሥራ ከጠመንጃ አደን አስቀድሞ የነበረ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኬይስ እ.ኤ.አ. በ1570 በላቲን ባሳተሙት የእንግሊዝ አገር ውሾች መጽሐፍ ውስጥ ወፍ ሲያገኝ ድምፁን አጥፍቶ መሬት ላይ የሚያጎነብስ ውሻ ተገልጿል። ወፍ አጥማጁ መረቡን የሚጥለው ውሻው ባመለከተው ሥፍራ ላይ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የሚጮኽ ውሻ ወፉን ስለሚያስነሣ ጥቅም አልነበረውም። ስለዚህ የማኅበሩ ውሻ ዝም ያለው እንጀራ ከድቶ አይደለም። ወላጆቹ ለብዙ ትውልድ የተመረጡት በሥራ ላይ ዝም በማለታቸውና ከማያውቁት ሰው ጋር ሳይቀር ተስማምተው በመሥራታቸው ነው።

2. ዋና ዋና ዝርያዎችና ጠባያቸው

ጠቋሚ ውሾች በአጠቃላይ በሁለት ይከፈላሉ። በብሪታንያና በአየርላንድ የተራቡት በአብዛኛው ወፍ ፈልጎ ለመጠቆም ብቻ የተመረጡ ሲሆኑ ሩቅ ሄደው በፍጥነት ያስሳሉ። በአውሮፓ ምድር ላይ የተራቡት ግን ሁለገብ ናቸው። በተለይ በጀርመን በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአደን መብት ከመሳፍንት አልፎ ለሌላውም ሕዝብ እየሰፋ ሲሄድ ብዙ ውሻ ለመቀለብ አቅም የሌለው አዳኝ አንድ ውሻ ሁሉንም እንዲሠራለት ፈለገ። እንዲህ ያለው ውሻ ይጠቁማል፣ የቆሰለ አውሬ ዱካ ይከተላል፣ የወደቀውንም ወፍ ከውኃ ሳይቀር በአፉ ይዞ ያመጣል።

ሀ/ ፖይንተር፦ በእንግሊዝ አገር የተራባና የስፔን ጠቋሚ ውሾች ደም አለበት የሚባል ዝርያ ነው። ጠጉሩ አጭር፣ አካሉ ቀጭንና ጡንቸኛ ነው። በማሳ ላይ እንደ ነፋስ ይሮጣል። በቤት ውስጥ ግን በቂ ሩጫ ካገኘ ገራምና ጸጥተኛ ነው። ጠጉሩ ስስ ስለሆነ የደጋ ሌሊት ይበርደዋል።

ለ/ ሴተሮች፦ ስማቸው መሬት ላይ ማጎንበስን ያመለክታል። ጠጉራቸው ረጅምና ሐር መሰል ነው። ቀዩ የአየርላንድ ሴተር ተጫዋችና ዘግይቶ የሚበስል በመሆኑ በሁለት ዓመቱም እንደ ቡችላ ይሆናል። ጥቁርና ቀይ ዳማው የጎርደን ሴተር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1743 እስከ 1827 ከኖሩት ከስኮትላንዱ የጎርደን መስፍን ከአሌክሳንደር ሲሆን ከሌሎቹ ይልቅ ለጌታው ያደላና ለእንግዳ ቁጥብ ነው። ነጭ ላይ ነጠብጣብ ያለው የእንግሊዝ ሴተር ከሦስቱ በጣም ለስላሳው ነው። ረጅም ጠጉር ጭጎጎትና እሾህ ስለሚሰበስብ በየቀኑ ማበጠር ያስፈልጋል። በቆላ ሙቀትም ይቸገራሉ።

ሐ/ የጀርመን አጭር ጠጉር ጠቋሚ፦ የማኅበሩ ውሻ ከዚህ ዝርያ ነበር። ወንዱ ከ25 እስከ 32 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ብርቱ፣ ፈጣን ተማሪና ከቤተሰብ ጋር በጣም የሚፋቀር ነው። ነገር ግን የጉልበቱ ብዛት ከሁሉ የሚያስቸግረው እርሱን ነው። ቀኑን በሥራ ያሳለፈ አጭር ጠጉር ማታ ከእግር ሥር ተኝቶ ያድራል። ሥራ ያጣ ግን በር ይበላል፣ መሬት ይቆፍራል፣ አጥር ይዘላል። ሻካራ ጠጉር ያለው ወንድሙ ድራትሃር በጠባዩ ጠንከር ያለና ለብርድና ለእሾህ የሚችል ነው።

መ/ ቫይማራነር፦ መላ አካሉ አመድማ ሲሆን ስሙ የመጣው ከጀርመኗ ከተማ ከቫይማር ነው። ጌታው ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ሳይቀር የሚከተል ውሻ ነው። ብቻውን ሲቀር በጣም ይጨነቃል። ከጠቋሚዎች መካከል የመጠበቅ ዝንባሌ ከሚታይባቸው አንዱ ቢሆንም ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም።

ሠ/ ቪዝላ፦ የሃንጋሪ ውሻ ነው። መልኩ የዛገ ወርቅ ይመስላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊጠፋ ተቃርቦ በጥቂት ውሾች እንደገና የተስፋፋ ነው። ስሜቱ ስስ ስለሆነ ጩኸትና ዱላ ያበላሸዋል፤ በለዘበ ቃል ግን ሁሉን ይማራል። ለልጆች ጥሩ ጓደኛ ነው።

ረ/ ብሪታኒ፦ ከፈረንሳይ ምዕራብ የመጣ፣ ከእነዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። ክብደቱ ከ14 እስከ 18 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ብዙዎቹ ጭራቸው አጭር ሆኖ ይወለዳሉ። ለመቀለብ ቀላል፣ ፈገግተኛና ቀልጣፋ ነው። ትንሽነቱ ግን የሚያስፈልገውን ሩጫ አይቀንሰውም።

ሰ/ የጣሊያን ጠቋሚዎች፦ ብራኮና ስፒኖኔ የሚባሉት ሁለቱ ዝርያዎች ከባድ አካል ያላቸው፣ በዝግታ እየተራመዱ የሚሠሩና ረጋ ያሉ ናቸው። በዕድሜ ለገፋ ሰው ወይም ለትንንሽ ልጆች ቤት ከሌሎቹ ይልቅ ይስማማሉ።

3. ከሰው ጋር ሲኖሩ ምን ይፈልጋሉ?

ከዝርያዎቹ መካከል ልዩነት ቢኖርም በአራት ነገሮች ሁሉም ይመሳሰላሉ።

አንደኛ፣ ሩጫ ይፈልጋሉ። ለደረሰ ጠቋሚ ውሻ በቀን ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በነፃነት የሚሮጥበት ጊዜ ያስፈልገዋል። በገመድ ተይዞ መንደር መዞር አይበቃውም። ማሳ ለማሳ የሚዞር፣ ቦይ የሚጠብቅ ወይም ከብት ይዞ ርቆ የሚሄድ ሰው ይህን ያለ ተጨማሪ ድካም ሊሰጠው ይችላል። በከተማ ጠባብ ግቢ የሚኖር ሰው ግን ሁለት ጊዜ ሊያስብበት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሰው ይፈልጋሉ። የአገራችን ውሻ ጌታው ውሎ ሲመጣ ጭራውን ቆልቶ ከደጃፍ ሊተኛ ይችላል። ጠቋሚ ውሻ ግን የተመረጠው ከአንድ ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ እየተያየ እንዲሠራ ነው። በማሳ ላይ በየጥቂቱ ዞሮ ጌታውን የሚያየው ለዚህ ነው። ይህን ውሻ ለብቻው በሰንሰለት ማሰር ማለት ሁለቱንም ነገር፣ ሩጫውንም ሰውንም፣ በአንድ ጊዜ መንፈግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማላዘን፣ መቆፈርና ማበላሸት የክፋት ምልክት ሳይሆን የመጨነቅ ምልክት ነው።

ሦስተኛ፣ የለዘበ አያያዝ ይፈልጋሉ። ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና ሌላ እንስሳን ሳይፈራ የሚለምደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። በዚህ ጊዜ ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ ከብቶችና የትራክተር ድምፅ ቀስ በቀስ ቢያጋጥሙት ኋላ አይደነግጥም። በዱላ የተቀጣ ጠቋሚ ውሻ ፈሪ ይሆናል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ወይ ይሸሻል ወይ ይናከሳል።

አራተኛ፣ ከዶሮ ጋር ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለዘመናት ወፍ እንዲፈልግ የተመረጠ ውሻ ዶሮን በወፍነቷ ቢመለከት አይገርምም። በቡችላነቱ በገመድ ይዞ ከዶሮዎች አጠገብ በማዋልና ዝም ሲል ቁራሽ በመሸለም ብዙ መሻሻል ይገኛል። ቢሆንም ከጫጩቶች ጋር ብቻውን መተው አይገባም። የዶሮ ማርባት ሥራ ያለው ማኅበር የዶሮዎቹን ቤት በሽቦ ሳያጥር ጠቋሚ ውሻ ባያስገባ ይሻላል።

ምግብን በሚመለከት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ የውሻን ደም ስለሚጎዳ ወጥ የነካውን ፍርፋሪ መስጠት መልካም አይደለም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። ደረታቸው ጥልቅ በሆኑት በሴተርና በቫይማራነር ላይ ደግሞ ሆድ በአየር ተነፍቶ የሚጠመዘዝበት ገዳይ ሕመም ይታያል። ስለዚህ የቀኑን ምግብ በሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት፣ ከሩጫ በፊትና ወዲያው ከሩጫ በኋላም አለመመገብ ይገባል።

4. ዝርያ ብቻውን ሁሉን አይወስንም

እስካሁን የተናገርነው ዝርያ ትልቅ ነገር መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ከመጠን በላይ መሄድ የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመና ከ18,000 በላይ ውሾችን የመረመረ ጥናት በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው ከመቶ 9 ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እንደ መጠቆምና እንደ መንጋ ማገድ ያሉት የሥራ ጠባዮች በዘር ጎልተው የሚተላለፉ ሲሆን ቁጡነት ወይም ፍቅር ግን ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። በመሆኑም ቡችላ ሲመረጥ የዝርያውን ስም ከመጠየቅ ጋር እናቲቱን ማየት፣ ቡችላው እንዴት እንዳደገ መጠየቅና ራሱን ቡችላውን መመልከት ያስፈልጋል።

ምርጫ ሲጠብ ምን እንደሚያመጣ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአየርላንድ ሴተር ላይ የነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ወጥተው ተሕዋስያንን እንዳይዋጉ የሚያደርግ የዘር ጉድለት አለ። ቡችሎቹ በልጅነታቸው በተደጋጋሚ እየቆሰሉና እያተኮሳቸው ይሞታሉ። ጉድለቱ ያለበት የዘረ መል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1999 ተለይቶ ታውቋል። የሚያስገርመው በሆልስታይን ከብቶች ላይም በዚያው ዘረ መል ውስጥ፣ በሌላ ነጥብ ላይ፣ ተመሳሳይ ጉድለት መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1992 መገለጹ ነው። የከብቶቹ ጉድለት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1952 በተወለደ አንድ ዝነኛ ኮርማ ዘር አማካይነት ነው። በሁለቱም በኩል ያማረ አባት ብዙ ልጆች እንዲወልድ ሲደረግ የተሸሸገ ጉድለቱም አብሮ ተባዝቷል። ዛሬ በምርመራ ተሸካሚዎቹን መለየት ይቻላል። የልማት ሠራተኛው በሰው ሠራሽ ዘዴ ለሚዳቀሉ ከብቶች የኮርማ መዝገብ እንዲያዝ የሚወተውተው በከንቱ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

5. የጤና ጥንቃቄ

ማኅበሩን ስንጠይቅ ውሻው ባለቤቱ ከሄደ ወዲህ ክትባት እንዳላገኘ ተረዳን። በየቀኑ ሰንሰለቱን እየፈታ አገር የሚዞር ውሻ ያለ ክትባት መኖሩ ከተሰረቀው ስንዴ ይልቅ የሚያሠጋ ነገር ነበር። ከዚህ በታች ያለው ምክር ለጠቋሚ ውሻ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ውሻ የሚሠራ ነው።

ሀ/ የእብድ ውሻ በሽታ፦ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት መግለጫ በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ጉዳት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ማስከተብና የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ማስደገም ይገባል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይገታል። ስለዚህ ክትባት በአንድ ባለቤት ሳይሆን በማኅበር ደረጃ በዘመቻ ቢካሄድ ይመረጣል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ውሻው ጤነኛ መስሎ ቢታይም እንኳ ተይዞ ለ10 ቀን በሐኪም ዓይን ይጠበቅ። ሰውየው ግን ያንን ውጤት እየጠበቀ ሕክምናውን አያዘግይ።

በሽታው በሰውና በከብት ላይ ብቻ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ ከውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ሥፍራ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። በመላ አገራችን የቀሩት ከ500 የማይበልጡ ናቸው። በደጋ ፓርኮች አቅራቢያ ያለ ማኅበር ርቆ የሚያስስ ውሻ ሳይከተብ መልቀቅ የለበትም።

ለ/ የኮሶ ትልና የውኃ ቋት፦ በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ዕባጭ ሲገኝ ለውሻ መወርወር ልማድ ሆኗል። ውሻው ይህን ሲበላ ትሉ በሆዱ ይራባል፤ ዕንቁላሉም በኩሱ አማካይነት ወደ ሰውና ወደ ከብት ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሥጋ መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር አለበት። ለውሻም ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ መስጠት ይገባል።

ሐ/ መዥገር፣ ጆሮና እግር፦ ሣር ውስጥ የሚሠራ ውሻ ማታ ማታ መፈተሽ አለበት። እንደ መርፌ የሾለ የሣርና የገብስ ጫፍ በጆሮ ውስጥና በጣቶቹ መካከል ይሰካል። የወደቀ ጆሮ ያላቸው ዝርያዎች በዚህ ይበልጥ ይጎዳሉ።

6. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጥ ምክር

ሀ/ መጋዘን ለማስጠበቅ ጠቋሚ ውሻ አይያዝ። ለዚህ ሥራ በአካባቢው ያደገ፣ የመንደሩን ሰው ከእንግዳ የሚለይ፣ በጥቂት ምግብ የሚኖርና ኮሽ ሲል የሚጮኽ የአገራችን ውሻ ይሻላል። ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል። ውሻም ቢኖር የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የበሩ ጽናትና የዘበኛው ንቃት አይተካም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደተባለው የአጥርን ቀዳዳ አስቀድሞ መድፈን የሰው ሥራ ነው።

ለ/ ጠቋሚ ውሻ በስጦታ ከመጣ ለማኅበሩ ሳይሆን ለአንድ ሰው ይሰጥ። የሁሉም የሆነ ውሻ የማንም አይደለም። የሚረከበውም ሰው በየቀኑ በእግሩ ርቆ የሚሄድ፣ ቤተሰቡም ውሻ የሚወድ መሆኑ ይረጋገጥ። ከመረከቡ በፊት የክትባት ወረቀቱ ይጠየቅ።

ሐ/ ውሻው ወፍ ጠቆመ ማለት ማደን ተፈቀደ ማለት አይደለም። በአገራችን የዱር እንስሳትንና አዕዋፍን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ወፉን ሳይገድሉ በመጠቆሙ ብቻ መጠቀም ይቻላል። በስኮትላንድና በኖርዌይ በየዓመቱ በሜዳና በተራራ የሚኖሩትን የቆቅ ዘመዶች የሚቆጥሩ ሰዎች ጠቋሚ ውሾችን አስቀድመው ያስሳሉ፤ የአደኑም መጠን የሚወሰነው ከቆጠራው በመነሣት ነው።

መ/ የማያስፈልግ ውሻ ከመግደል ወይም በየመንገዱ ከመጣል በፊት የእንስሳት ሐኪም ይማከር። የተጣለ ውሻ ከሌሎች ጋር እየተራባ የእብድ ውሻ በሽታን ያስፋፋል።

ሠ/ የልማት ሠራተኛው ስለ ውሻ ጠባይ ቅሬታ ሲቀርብለት አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ውሻው ቀኑን እንዴት ያሳልፋል? ከማን ጋር ይውላል? ወላጆቹስ ለምን ሥራ የተመረጡ ናቸው? ብዙ ጊዜ የችግሩ ምክንያት ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል።

ማጠቃለያ

የማኅበሩ ውሻ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አልተገደለም። ሐሳቡን የተቃወሙት ጧት ከእኛ ጋር የወጡት ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ለእርሻ የሚሆን በሬ ገዝቶ ወተት አልሰጠ ብሎ የሚቆጣ የለም» ብለው ለጉባኤው እንደተናገሩ ኋላ ሰማን። ውሻው ተከትቦ የመስኖውን ቦይ በየቀኑ ከላይ እስከ ታች እየዞረ ለሚጠብቅ ወጣት አባል ተሰጠ። ለመጋዘኑም ሁለት የአገር ውሾች ተገኙለት፤ የበሩም ቁልፍ ተለወጠ።

በሚቀጥለው ዓመት ለዘር ምርመራ ስንመለስ ውሻውን ቦዩ ዳር አገኘነው። ከወጣቱ ጥቂት እርምጃ ቀድሞ እየሄደ በየጊዜው ዞር ብሎ ያየዋል። ማታ ላይ ጠይቀን ሌሊት ማላዘኑን እንደተወ ተነገረን። ዶሮ ግን አሁንም እንደሚጠቁም ወጣቱ አልሸሸገንም፤ የእናቱን ዶሮዎች በሽቦ አጥሯል።

ጠቋሚ ውሻ ሥራና ሰው ላለው ቤት ታማኝ፣ ገራምና የማይሰለች ጓደኛ ነው። ሥራም ሰውም ለማያገኝበት ግቢ ግን ሸክም ነው፤ እርሱም ይሠቃያል፤ ባለቤቱም ይከስራል። ዘርን ለማሳው እንደምንመርጥ ሁሉ ውሻንም ለሥራው እንምረጥ።